አዋሳኞች

በምሥራቅ ቀሃ ወንዝ፤ በምዕራብ የእንድሪስ አጥር፤
በሰሜን የጋራ መንገድ፤ በደቡብ የሙጨ በር።

ይህን ይላል ወረቀቱ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
ከእትዬ አትጠገብ ሣጥን፣ ከብል አፍ የተረፈ።

ልጁ መጣ ማለዳ ከመሬት ቢሮ፣
ጫማው አዲስ፣ ጂፒኤሱን ባንገቱ አስሮ።
እኔ የሜትሩን ጫፍ ያዝኩ፣ በቀን አበል ተቀጥሬ፣
እዚሁ ሠፈር ተወልጄ፣ ይህንኑ ውሃ ተሻግሬ።
"ሳብ!" ይላል፤ እስባለሁ።
"ላላ!" ይላል፤ አላላለሁ።
በመካከላችን ፍየል ያልፋል፣ ተማሪ ያልፋል፣ አህያ፣
ሜትራችንን እየረገጠ የሚወጣ ወደ ገበያ።

ጎንደር ማለት ላይ ያለው ነው፣ ሰው ፎቶ የሚነሣበት፤
እኛ ከግርጌው ነን፣ ዝናቡ ታጥቦ የሚወርድበት።

ሠፈራችን ይህችው ናት፤ በስንዝር የምናውቃት፣
ከላይ ምንጭ፣ ከታች አሸዋ፣ መሃሏን ወንዝ የቀደዳት።
ምንጩ ጋ የሚቀዳ ሰው ይነሣል በውድቅት ሌሊት፤
ቀጥሎ ሰፊው ቋጥኝ ነው፣ ጋቢ የሚወቀጥበት፤
ዝቅ ሲል ሙጨና ልጆቹ አሸዋ ያወጣሉ፣
ወንዙን በአካፋ ዝቀው በጭነት ይሸጣሉ።
የላዩ ሰው የታቹን አያውቀውም በስሙ፤
የታቹ ግን ያውቀዋል፣ በአረፋው፣ በቀለሙ።
ባዩሽ ከታች ሆና ውሃውን አይታ፣
"እነ ይርዳው ሰርግ አላቸው" ትላለች፣ ማንንም ሳትጠይቅ።

ስሞችም አሉን፣ ከማንም መዝገብ ያልገቡ።
ጅብ መውጫ ዛሬ ጅብ የለውም፤ ምሰሶ ቆሞበታል።
እምቢ ያለች የሚሉት ጥምዝ አለ፤ ማን እምቢ እንዳለች ማን ያውቃል።
የኔታ የሚባል ድንጋይ አለ፤ ራሱ ሲሰጥም በሰኔ፣
ማዶ ትምህርት ቤት አይኬድም፤ ስንት ፈተና ቀረሁ እኔ!
ልጁ ይጽፋል፤ ይሰርዛል።
"ድንጋይ አይመዘገብም" ይላል።

"ቀሃስ የት አለ?" አለ፣ መሣሪያውን እያየ፤
ወረቀቱ ወንዝ ያለው፣ ሽንኩርት ሆኖ ታየ።

ያቻምና ነሐሴ ነው። ሌሊቱን ቋጥኝ ከቋጥኝ ሲማታ ሰማን፤
ጎህ ሲቀድ ወጣን፤ ወንዙ አልጋውን ቀይሮ ጠበቀን።
በእትዬ አትጠገብ ጓሮ ሰንጥቆ አለፈ።
ዋንዛዋ አንድ እርምጃ ሳይሄድ
በማግስቱ የማዶ ሰው ሆነ።

አሮጌው ቦይ ላይ ሐጂ ኑርዬ ሽንኩርት ደረደሩ።
የደረቀውን የዋንዛ ቅርንጫፍ ግን አንድም ቀን አልነኩም፤
ቅዳሜ ቅዳሜ አስረው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣
ውሃው ጉልበታቸውን እየገፋ፣ ለባለቤቷ ያሻግራሉ።
እሷ ደግሞ የሰጡትን ገመድ ባዶውን አትመልስም፤
ጎመን ታስርበታለች።

"ክርክር አለ?" አለ ልጁ። "ካለ ይጻፍ።"
እትዬ አትጠገብ ሳቀች።
"አለ እንጂ። ወንዙን ክሰስልኝ።
መጥሪያውን ግን ማን ያደርስለታል፣
አድራሻ ከቀየረ ወዲህ?"

ልጁ አልሳቀም። ቆየ።
ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ጠቅልሎ ውስጡ ከተተ፣
ገባ፤ እስከ መሃል ሄዶ ቆመ፣ መሣሪያውን ከፍ አድርጎ፣
ቁጥሩ አልረጋ አለው።
ሲወጣ እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰና
በእርሳስ ጻፈ፦
በምሥራቅ፣ ቀሃ ወንዝ፣ ባለበት።

ባዩሽ ከማዶ ተጣራች፣ እጇን አፏ ላይ ደግና፣
"እኔንስ? በየትኛው ዳር ጻፋችሁኝ?"
ውሃው ድምፅዋን ግማሹን ወሰደው።

ማታ ሜትሩን እየጠቀለልኩ አየሁት፤
ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ ስምንት
ቁጥሩ በጭቃ ተሸፍኗል።
በጨርቅ አበስኩት። አልለቀቀም።